ስሙ አንድ፣ ስልኩ ሌላ፦ ስልክ ከመግዛትዎ በፊት ለየትኛው አገር እንደተሠራ ይጠይቁ

በሀይፋ ሀዳር ሰፈር፣ በሄርጽል ጎዳና ከአንዱ የስልክ ሱቅ ወደ ሌላው የተዘዋወረ ሰው ይህን ያውቀዋል። አንዱ ሱቅ መስኮት ላይ የተደረደረው ሳምሰንግ ወይም አይፎን ሁለት በር አለፍ ብሎ ካለው ሱቅ በጥቂት መቶ ሸቀል ይረክሳል። ስሙ ያው ነው፣ ቀለሙ ያው ነው፣ ካርቶኑም ያው ይመስላል። ሻጩን ሲጠይቁት «አይጨነቁ፣ አንድ ዓይነት ነው» ይላል። አንዳንድ ጊዜ እውነቱን ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን አይደለም፤ ልዩነቱም የሚታወቀው ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ነው።

ነገሩን በምጣድ እናስረዳ። ከአሜሪካ የመጣ የኤሌክትሪክ ምጣድ እዚህ ከሚሸጠው ጋር በመልክ አይለይም። ነገር ግን የአሜሪካው ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፣ የእኛ ቤት መስመር ደግሞ 230 ቮልት ነው። እንዲሁ ቢሰኩት ይቃጠላል እንጂ እንጀራ አይጋግርም። ስልክም እንደዚሁ ነው። ኩባንያዎች አንዱን ሞዴል ለአሜሪካ፣ ለአውሮፓና ለመካከለኛው ምሥራቅ፣ ለቻይና፣ ለኮሪያ በየስሪቱ ይሠሩታል። የውስጥ አንቴናው የሚቀበላቸው ሞገዶች ይለያያሉ፤ ፈርምዌር የሚባለው፣ ስልኩን ከውስጥ የሚያንቀሳቅሰው ሶፍትዌርም ይለያያል። ቋንቋውን፣ የኔትዎርክ አሠራሩንና የሚመጣለትን እድሳት የሚወስነው ይህ ሶፍትዌር ነው።

ይደውላል ወይስ ኢንተርኔት ብቻ ነው?

ዛሬ በጣም ሊያሳስበን የሚገባው ጉዳይ ይህ ነው። የእስራኤል የመገናኛ ሚኒስቴር የ2ኛውንና የ3ኛውን ትውልድ ኔትዎርክ ለመዝጋት የ2025ን መጨረሻ ቀነ ገደብ አድርጎ ነበር የወሰነው። ይህ ማለት የድምፅ ጥሪ ሁሉ በ4ኛውና በ5ኛው ትውልድ ኔትዎርክ ላይ ይሄዳል ማለት ነው። በ4ኛው ትውልድ ላይ የሚደረግ የድምፅ ጥሪ ቮልቲ ይባላል።

አንድ ስልክ 4ጂ አለው ማለት ግን ቮልቲ ይሠራለታል ማለት አይደለም። ስልኩ በሴልኮም፣ በፔሌፎን፣ በፓርትነር ወይም በሆት ሞባይል መስመር ላይ በቮልቲ እንዲደውል ፈርምዌሩ ውስጥ የዚያ ኩባንያ ቅንብር መኖር አለበት። ለሌላ አገር ገበያ የተሠራ ስልክ ይህ ቅንብር ላይኖረው ይችላል። እንዲህ ያለ ስልክ ዋትሳፕ ይከፍታል፣ ዩቲዩብ ያሳያል፤ ጥሪ ሲመጣ ግን ወደ 3ጂ ሊወርድ ይፈልጋል። 3ጂ በሌለበት ቦታ አይጠራም፣ አይደውልምም።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በጥበቃ፣ በጽዳት ወይም በፋብሪካ በሺፍት የሚሠራ ሰው የሺፍት ለውጥ የሚነገረው በስልክ ነው። ሥራ ፈላጊም ቢሆን ለቃለ መጠይቅ የሚጠራው በስልክ ነው፤ አሠሪው ደውሎ ካላገኘው ቀጣዩን ስም ይጠራል። ከዚህም በላይ ፖሊስን በ100፣ ማጌን ዳቪድ አዶምን በ101፣ እሳት አደጋን በ102 የምንጠራው በድምፅ ጥሪ ነው።

ከኢትዮጵያ በቅርብ የመጡ ወገኖቻችን ደግሞ ስልካቸውን ይዘው ይመጣሉ። በኢትዮጵያ የሚገጣጠመው ቴክኖ ለብዙዎቹ የመጀመሪያ ስልካቸው ነው። ለአፍሪካ ገበያ የተሠራ ስልክ እዚህ ኢንተርኔት ስለሠራ ብቻ ጥሪም ይሠራል ብለው አይቀመጡ፤ ከታች በተጻፈው መንገድ ይሞክሩት።

የማስጠንቀቂያው ድምፅ

በጁን 2025 ከኢራን ጋር በተደረገው ጦርነት ሚሳይል ሀይፋ ላይ ሲወድቅ የነበረውን ቀን የሚረሳ የለም። በዚያ ጊዜ ፒኩድ ሀኦሬፍ ማስጠንቀቂያውን ከሳይረን በፊት በቀጥታ ወደ ስልኮች ይልክ ነበር። ይህ መልእክት ኤስኤምኤስ አይደለም፤ አፕሊኬሽንም አያስፈልገውም። ከአንቴናው በአካባቢው ላሉ ስልኮች ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚሰራጭ ነው። ስልኩ የትኞቹን የስርጭት ቁጥሮች እንደሚያዳምጥ ግን የሚወስነው ፈርምዌሩ ነው። ስለዚህ የሌላ አገር ስሪት ወይም በጣም ያረጀ ስልክ ጎረቤትዎ ስልክ ሲጮህ እርሱ ዝም ሊል ይችላል።

ስለዚህ የፒኩድ ሀኦሬፍን አፕሊኬሽን በማንኛውም ስልክ ላይ ይጫኑ። በአንድ መንገድ ብቻ አይተማመኑ፤ በተለይ ብቻቸውን የሚኖሩ አባትና እናት ካሉዎት ስልካቸውን ራስዎ ይፈትሹላቸው።

ከሌላ አገር የመጡ ስልኮች ምን ይለያቸዋል?

ከአሜሪካ የመጣ አይፎን፦ ከ2022 ጀምሮ፣ ማለትም ከአይፎን 14 አንሥቶ፣ በአሜሪካ የሚሸጡት የሲም ካርድ መክፈቻ የላቸውም። የሚሠሩት በኢሲም፣ ማለትም ካርድ በሌለው ሲም ብቻ ነው። አይፎን 17 ደግሞ በሳዑዲ አረቢያ፣ በተባበሩት አረብ ኤምሬትስና በሌሎች ጥቂት አገሮችም እንዲሁ ነው የሚሸጠው። ስለዚህ ከዱባይ የመጣ ስልክም ሲገዙ ጎኑን ይመልከቱ።

ለቻይና ገበያ የተሠራ አንድሮይድ፦ የጉግል ፕሌይ መደብር ላይኖረው ይችላል፤ የምናሌው ቋንቋም ብዙ ጊዜ ቻይንኛና እንግሊዝኛ ብቻ ነው። አንዳንድ ነጋዴዎች ይህን ለመሸፈን የስልኩን መቆለፊያ ሰብረው ሌላ ፈርምዌር ይጭኑበታል። ዕብራይስጥ ስለሚታይ ገዢው አይጠረጥርም። በኋላ ግን እድሳት አይመጣለትም፤ የባንክ አፕሊኬሽኖችም «ይህ ስልክ የተነካካ ነው» ብለው አንከፍትም ሊሉ ይችላሉ። በብዙ የሻዎሚ ስልኮች ላይ ስልኩ ሲበራ የተከፈተ ቁልፍ ሥዕል ከታየ መቆለፊያው ተሰብሯል ማለት ነው።

ሁዋዌ፦ ከ2019 የአሜሪካ ማዕቀብ በኋላ የወጡት አዳዲስ ሞዴሎች የጉግል አገልግሎት የላቸውም። ይህ የሱቁ ጥፋት አይደለም፤ ገዢው ግን አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል።

ከመክፈልዎ በፊት የሚደረጉ ፍተሻዎች

አንደኛ፣ አስመጪውን ይጠይቁ። በዕብራይስጥ እንዲህ ይበሉ፦ «ሀኢም ዜ የቩአን ሪሽሚ ኦ የቩ ማክቢል?» ኦፊሴላዊ አስመጪ ያመጣው ነው ወይስ ሌላ ነጋዴ በጎን ያስመጣው ማለት ነው። የቩ ማክቢል ሕጋዊ ነው፤ ዋጋ የሚቀንሰውም ብዙ ጊዜ እርሱ ነው። ግን ስሪቱ የሚለያየውም እዚያ ነው። ካርቶኑ ላይ የአስመጪው ስምና አድራሻ በዕብራይስጥ ተጽፎ መኖር አለበት፤ ከሌለ ይጠርጥሩ።

ሁለተኛ፣ *#06# ይደውሉ። የስልኩ መለያ ቁጥር ይወጣል። ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ቁጥር በቁጥር ያስተያዩት። ካልተመሳሰለ አይግዙ።

ሦስተኛ፣ የሞዴሉን ቁጥር ያንብቡ። በቅንብሮች ውስጥ «ስለ ስልኩ» በሚለው ክፍል ይገኛል። ለምሳሌ በሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ23 ላይ ከ911 ቀጥሎ የሚመጣውን በላቲን ፊደል የተጻፈ ምልክት ይመልከቱ፦ «ቢ» ከሆነ ለአውሮፓ፣ ለመካከለኛው ምሥራቅና ለሌሎች ብዙ አገሮች ነው፤ «ዩ» ከሆነ ለአሜሪካ ነው፤ «ኤን» ከሆነ ለኮሪያ ነው፤ ዜሮ ከሆነ ለቻይናና ለሆንግ ኮንግ ነው። እዚያው የሶፍትዌር መረጃ በሚለው ውስጥ ሦስት ሦስት ፊደላት ተጽፈው ይገኛሉ፤ «አይ-ኤል-ኦ» የሚለው የእስራኤል ፈርምዌር ነው። በአይፎን ደግሞ ከሞዴሉ ቁጥር መጨረሻ፣ ከሰረዙ በፊት ያሉትን ፊደላት ይዩ፦ «ኤች-ቢ» እስራኤል ነው፣ «ኤል-ኤል» አሜሪካ ነው። የመጀመሪያው ፊደልም ይናገራል፦ «ኤም» በአዲስነቱ የተሸጠ ነው፤ «ኤፍ» አፕል ያደሰው ነው፤ «ኤን» ለተበላሸ ስልክ ምትክ የተሰጠ ነው። በአዲስ ዋጋ «ኤፍ» አይግዙ።

አራተኛ፣ የራስዎን ሲም ካርድ አስገብተው ይደውሉ። ይህ ከሁሉም የሚበልጠው ፍተሻ ነው። ቤትዎ ላለ ሰው ይደውሉና እያወሩ የስክሪኑን አናት ይመልከቱ። 4ጂ ወይም 5ጂ የሚለው በጥሪው መካከል ካልጠፋ ቮልቲ ይሠራል። ወደ 3ጂ ወይም ወደ «ኤች» ከወረደ፣ ወይም ጥሪው ጨርሶ ካልወጣ ያ ስልክ ለእርስዎ አይሆንም። ከዚያ በፊት በቅንብሮች ውስጥ ቮልቲ መብራቱን ያረጋግጡ።

አምስተኛ፣ ሞገዶቹን ይጠይቁ። በእስራኤል 700 ሜጋኸርዝ የሚባለው ሞገድ፣ ባንድ 28፣ ግድግዳ አልፎ የመግባት አቅሙ ይሻላል። በሀይፋ ተዳፋት ላይ በተሠሩ ሕንፃዎች ምድር ቤት ወይም ማማድ ውስጥ ለሚቀመጥ ሰው ይህ ልዩነት ያመጣል። የእርስዎ ሞዴል ቁጥር ባንድ 28 እንዳለው ሻጩ በአምራቹ ገጽ ላይ ያሳይዎት።

ስድስተኛ፣ ዕብራይስጥና አማርኛ ይሞክሩ። የምናሌው ቋንቋ ዕብራይስጥ መሆን መቻሉን፣ የአማርኛ ኪቦርድም መጫኑን ይዩ። ጉግል ፕሌይ ካለው የጉግል ኪቦርድ አማርኛ አለው።

ሻጩ «የታሸገ ካርቶን ነው፣ ሳይከፍሉ አልከፍትም» ካለ

ይህ ያጋጥማል፤ ሻጩም በራሱ በኩል ምክንያት አለው። መፍትሔው ወረቀት ነው። በኼሽቦኒቱ ላይ ሦስት ነገር ይጻፍልዎት፦ ሙሉው የሞዴል ቁጥር፣ አስመጪው ማን እንደሆነ፣ እንዲሁም ስልኩ በእርስዎ ኩባንያ መስመር ላይ በቮልቲ ካልደወለ ገንዘቡ እንደሚመለስ። አፍ ያለው ሁሉ ይናገራል፤ ሕግ ፊት የሚቆመው የተጻፈው ነው። ይህን መጻፍ እምቢ የሚል ሱቅ መልሱን ሰጥቶዎታል፤ ሌላ ሱቅ ይሂዱ።

ወረቀቱ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። ከሱቅ በአካል የተገዛ የኤሌክትሪክ ዕቃ በ14 ቀን ውስጥ ሊመለስ ቢችልም፣ ከኤሌክትሪክ ጋር ከተገናኘ እንደ ተጠቀሙበት ተቆጥሮ ሐሳብ በመለወጥ ብቻ የመመለስ መብቱ ሊቀር ይችላል። ዕቃው ጉድለት ካለበት ወይም ገዢው ከተሳሳተ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የ1981 የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ሻጩ ዋና ዋና ነገሮችን እንዳይደብቅና ገዢውን እንዳያሳስት ይከለክላል።

በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተገዛ ዕቃ በ14 ቀን ውስጥ ሊሰረዝ ይችላል። ሐሳብ ስለተለወጠ ብቻ ከሆነ የሚቆረጠው ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሸቀል፣ ከሁለቱ ያነሰው ነው። ብዙ ወገኖቻችን የማያውቁት ደግሞ ይህ ነው፦ ዕድሜያቸው 65 የሞላ፣ አካል ጉዳተኞችና የኦሌ ወረቀት ካገኙ 5 ዓመት ያልሞላቸው ኦሊም ኻዳሺም የሚያገኙት ጊዜ 4 ወር ነው። ይህ የሚሠራው በግዢው ሂደት ከሻጩ ጋር ንግግር ከተደረገ ነው፤ በጽሑፍ መልእክት የተደረገ ንግግርም ይቆጠራል። በስልክ ደውለው ስልክ የሸጡላቸው አዛውንት ካሉ፣ 14 ቀን አልፏል ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ።

ዋስትናን በተመለከተ፣ በ2006 የወጣው ደንብ አምራች ወይም አስመጪ የ1 ዓመት ዋስትና እንዲሰጥ ያዛል። ቴኡዳት አኽራዩት ሳይቀበሉ ከሱቅ አይውጡ። ጥገናው የት እንደሚደረግም ይጠይቁ፤ በጎን የመጣን ስልክ የኦፊሴላዊው አስመጪ ላቦራቶሪ ላይቀበለው ይችላልና።

ክርክር ከተነሣ መጀመሪያ ለሱቁ በጽሑፍ ያመልክቱ። ካልተመለሰልዎት ለሸማቾች ጥበቃና ፍትሐዊ ንግድ ባለሥልጣን ማመልከት ይቻላል። ለአነስተኛ ክሶች ፍርድ ቤትም አለ፤ እዚያ ተከራካሪዎች ያለ ጠበቃ ራሳቸው ይቀርባሉ።

ለኢትዮጵያ ዘመድ ስልክ ለምትገዙ

ጎንደር ላለ ወንድም ወይም አዲስ አበባ ላለች እህት ስልክ መላክ የተለመደ ነው። ሦስት ነገር ያስታውሱ። ኢሲም ብቻ የሚቀበል አይፎን የሲም ካርድ ላለው ዘመድ ችግር ስለሚሆንበት የካርድ መክፈቻ ያለውን ይምረጡ። አንዳንድ የሳምሰንግ ካርቶኖች ላይ በተጻፈው አካባቢ ሲም ካርድ ካልተከፈተ በሌላ አካባቢ እንደማይሠራ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ አለ፤ እንዲህ ከሆነ ከመላክዎ በፊት እዚሁ በሲም ካርድዎ ከፍተው 5 ደቂቃ ያህል ይደውሉበት። በመጨረሻም የስልኩን መለያ ቁጥርና ኼሽቦኒቱን ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ፤ ቢጠፋም፣ ቢሰረቅም፣ ጉምሩክ ላይ ቢጠየቅም ያስፈልጋል።

በርካሽ መግዛት ነውር አይደለም፤ ገንዘባችንን በላባችን ነው የምናገኘው። በሱቁ ውስጥ አንዲት ጥሪ ለመሞከር የሚወስደው ግን ሁለት ደቂቃ ነው። በማይደውል ስልክ ላይ ለ24 ወር ታሽሉሚም ከመክፈል ሁለት ደቂቃ መቆም ይሻላል።