ገመዱ ያልታየበት መድፍ
በበዓል ቀን ሴባስቶፖልን ስለ መጎብኘት

ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረው የደብረ ታቦር በዓል ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በታቦር ተራራ ብርሃነ መለኮቱን ለሦስቱ ደቀ መዛሙርት የገለጠበት ዕለት መታሰቢያ ነው። በየቤቱ ሙልሙል ይጋገራል፤ ችቦ ይበራል፤ ጅራፍ ይጮኻል፤ ልጆችም ሆያ ሆዬ እያሉ ከደጅ ደጅ ይዞራሉ። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ተወላጆች ለሆንነው ደግሞ በዓሉ ሌላም ትዝታ ይቀሰቅስብናል። የደቡብ ጎንደር ዋና ከተማ ደብረ ታቦር ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ቅዱስ ተራራ ነውና።

አዲስ አበባ ከገባን ወዲህ በዓል በመጣ ቁጥር፣ ከቅዳሴ በኋላ ልጆቻችንን ይዘን ወደ አንድ ሥፍራ መሄድን ልማድ አድርገናል። ሥፍራው በቸርችል ጎዳና የሚገኘው ቴዎድሮስ አደባባይ ነው። እዚያም የዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ ታላቅ መድፍ፣ የሴባስቶፖል አምሳያ ቆሟል። በቡሄ እንሄዳለን፤ በእንቁጣጣሽ እንሄዳለን፤ በፋሲካ ማግስትም እንሄዳለን። ልጆቹ «ባለፈው አይተነው የለም ወይ?» ማለታቸው አልቀረም። የጥያቄው መልስ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ነው።

በሌላው ዓለም በበዓል ሰሞን ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ የባቡር አምሳያ ወደሚታይበት አዳራሽ ይሄዳል። በጀርመኗ ሃምቡርግ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2001 የተከፈተው ትርኢት ከነዚህ እጅግ የታወቀው ነው። ትንንሽ ባቡሮች በትንንሽ ሐዲድ ላይ ይሽከረከራሉ፤ ተራራው፣ ድልድዩና ጣቢያው ሁሉ በልኩ አንሶ ተሠርቷል። ሕፃን መጀመሪያ ሲሄድ የሚያየው የሚሮጠውን ባቡር ብቻ ነው። በሌላው ዓመት ድልድዩን ያያል፤ በሦስተኛው ጣቢያው ላይ ቆመው የሚጠብቁትን ሰዎች ያስተውላል። አምሳያ በአንድ ጉብኝት አያልቅም።

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ትርኢት የለም። ከቴዎድሮስ አደባባይ ቁልቁል የወረደ ሰው ግን የለገሃርን የቀድሞ ባቡር ጣቢያ ያገኛል። ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ሴባስቶፖል ከዚያ 49 ዓመት ቀድሞ፣ ያለ ሐዲድና ያለ እንፋሎት፣ በሰው ጉልበት ብቻ የበጌምድርን ተራራና ገደል ተሻግሯል። የተሻገረውም በጋይንት በኩል ነው።

ከጋፋት እስከ መቅደላ

በመጀመሪያው በዓል ለልጆቻችን የነገርናቸው መድፉ እንዴት እንደ ተሠራ ነው። ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት በተባለው ሥፍራ ንጉሡ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን አስፍረው ነበር። ከመካከላቸው እንደ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ያሉት በስዊዘርላንድ ባዝል አቅራቢያ ካለ የወንጌል ማኅበር ተልከው የመጡ ነበሩ። ለስብከት የመጡት ሰዎች መድፍ አቅላጮች ሆነው ቀሩ። ከብዙ ያልተሳካ ሙከራ በኋላ በ1859 ዓ.ም. 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው መድፍ ተሠራ፤ ስሙም በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ ከተከበበችው የሩሲያ ምሽግ ከሴባስቶፖል ተወሰደ።

በሚቀጥለው በዓል የነገርናቸው ስለ መንገዱ ነው። በ1860 ዓ.ም. መስከረም ማብቂያ ግድም ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። መድፉ በመንኰራኩር ላይ ሆኖ በገመድ ይጎተት ጀመር። በጋይንት ደጋ፣ በጨጨሆ በኩል ወደ ዋድላ፣ ከዚያም የጅጣን ሸለቆ ተሻግሮ ወደ ደላንታ፣ በመጨረሻም በሽሎን ዘልቆ ወደ መቅደላ ሄደ። መንገድ በሌለበት መንገድ ይቆረጥ ነበር፤ ዐለት ይፈለጥ፣ ገደል ይሞላ ነበር። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ ከሠራዊቱ ጋር ይሠሩ እንደ ነበር በዚያ ጉዞ አብረው የነበሩ ጽፈዋል። በዳገት መቶዎች ወደ ፊት ይስባሉ፤ በቁልቁለት ደግሞ እነዚያው መቶዎች መድፉ እንዳያመልጥ ወደ ኋላ ይይዛሉ። መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ወር ነው። ዛሬ ከወረታ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አልፎ ወልድያ የሚደርሰውን፣ ቻይናውያን የሠሩትን መንገድ ይዞ የጋይንትን ደጋ በመኪና የሚያቋርጥ ሰው ያ ጉዞ ስድስት ወር መፍጀቱን ለማመን ይቸገራል።

አምሳያው የማያሳየው

አንድ ዓመት ለበዓል ከስማዳ የመጡ አንድ አረጋዊ ዘመዳችንን ወደ አደባባዩ ወሰድናቸው። ስማዳ በበሽሎ ዳር ያለ አገር ነውና ስለ መቅደላ ሲሰሙ አድገዋል። መድፉን ዞረው ዞረው አዩና «ገመዱሳ የት አለ? የጎተተውስ ሰው?» አሉን። ልጆቹ ሣቁ፤ እኛ ግን ጥያቄው ከአእምሯችን አልወጣም።

እውነት ነው። አምሳያው ብረቱን ያሳያል እንጂ ትከሻውን አያሳይም። ጥሪ የተጫነበት ገበሬ፣ እህሉ ለሠራዊት ስንቅ የሄደበት ቤት፣ ሰላም አጥቶ ወደ ቆላ የሸሸ ቤተሰብ አደባባዩ ላይ ቦታ የላቸውም። በዚያን ጊዜ በጌምድር በንጉሡ ላይ ሸፍቶ ነበር፤ ቅጣቱም ከባድ ነበር። ሠራዊቱ ያለፈበት ጋይንት በቤተ ልሔም ድጓ፣ በዙር አባ ዝማሬና መዋሥዕት የሚመሰከርበት የሊቃውንት አገር ነው። ስለዚህ ለልጆቻችን የንጉሡን ታላቅ ሕልም ስንነግራቸው የሕዝቡንም ዋጋ አብረን እንነግራቸዋለን። አንዱን ይዞ ሌላውን መተው ታሪክን ማጉደል ነው።

በፋሲካ ማግስት የምንሄድበትም ምክንያት አለን። የእሮጌ ጦርነት የተደረገው በ1860 ዓ.ም. ስቅለት ዕለት፣ ሚያዝያ 3 ቀን ነበር። ሚያዝያ 6፣ የትንሣኤ ማግስት፣ አፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን አሳለፉ። ያን ያህል የተደከመበት መድፍ ያን ቀን አላዳናቸውም። የእንግሊዝ ጦር ዘውዱን፣ ጽላቶችንና በመቶ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍትን ጭኖ ሲሄድ ሴባስቶፖልን ግን ለመውሰድ አልቻለም። እውነተኛው መድፍ እስከ ዛሬ በመቅደላ አምባ ላይ ነው። ሰው ተሸክሞት የሚሄደው ቅርስ ባሕር ተሻገረ፤ በብዙ ሺህ ክንድ የተጎተተው እዚያው ቀረ።

ውድ አንባብያን፣ በአዲስ አበባ ያላችሁ በዚህ በዓል ልጆቻችሁን ይዛችሁ አደባባዩን ጎብኙ፤ ከዚህ ቀደም ያያችሁትም ቢሆን ተመለሱ። በአገር ቤት ያላችሁ፣ መንገዱ በተመቸ ጊዜ ጋፋትን አሳዩአቸው። በዕድሜ የገፉ አባቶችና እናቶች በቤታችሁ ካሉም አብረው ይሂዱ፤ ከአያቶቻቸው የሰሙትን እዚያው ቆመው ይንገሩ። ብረቱን የሚያሳይ አምሳያ ቆሟልና፤ ገመዱን የሳቡትን ሰዎች ግን ለልጅ የሚያሳየው የአረጋውያን አንደበት ብቻ ነው።

መልካም የደብረ ታቦር በዓል ይሁንልን።