የጠበበ የልብ ክዳን፦ በቢላዋ ወይስ በፊኛ?

ከሰው ልብ አራት ክዳኖች አንዱ ሚትራል ይባላል። ከሳንባ የተመለሰው ንጹሕ ደም ከልብ ግራ የላይኛ ክፍል ወደ ታችኛው የሚወርደው በዚሁ በኩል ነው። በጤናማ ሰው ክዳኑ ሲከፈት ስፋቱ ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። በአገራችንና በጎረቤታችን በሱዳን ግን ገና በወጣትነታቸው ይህ በር የሚጠብባቸው ብዙዎች ናቸው። መነሻው በልጅነት በሚገባ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ነው። ሰውነት ስትሬፕቶኮከስ የተባለውን ተሕዋስ ለመከላከል ያዘጋጀው ኃይል ተሳስቶ የገዛ ልቡን ያጠቃል፤ ክዳኑም ቆስሎ ሲሽር ከንፈሮቹ ይጣበቃሉ። (እንጥል ማስቆረጥ ይህን አያስቀርም፤ የሚያስቀረው ፔኒሲሊን ነው።) ስፋቱ ከ1.5 ካሬ ሴንቲ ሜትር ሲያንስ ደሙ ወደ ኋላ ተገትቶ ሳንባን ያጨናንቃል፤ ሕመምተኛውም ዳገት መውጣት ቀርቶ ተጋድሞ መተንፈስ ያቅተዋል።

እንዲህ ላሉት ሕሙማን ከካርቱም ወጣ ብሎ በሶባ፣ በጥቁር ዓባይ ዳር፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የሳላም የልብ ቀዶ ሕክምና ማዕከል ተከፈተ። ያቋቋመው ኢመርጀንሲ የተባለው የኢጣሊያ የርዳታ ድርጅት ሲሆን፣ ከሱዳናውያን ሌላ ኢትዮጵያውያንም ያለ ክፍያ ታክመውበታል።

ሐኪሞች ሁለት መንገድ አላቸው። በቀዶ ጥገና የደረት አጥንት ይሰነጠቃል፤ የልብንና የሳንባን ሥራ ለጊዜው መኪና ይተካል፤ ሐኪሙም የተጣበቁትን ከንፈሮች በዓይኑ እያየ ይለያያል፣ ወይም ክዳኑን አውጥቶ ሰው ሠራሽ ይተካበታል። ሁለተኛውን መንገድ እ.ኤ.አ. በ1984 ለዓለም ያስታወቀው ካንጂ ኢኖዌ የተባለ ጃፓናዊ ሐኪም ነው። በዚህ ዘዴ ደረት አይከፈትም። በብሽሽት የደም ሥር የገባ ቀጭን ቱቦ እስከ ልብ ይዘልቃል፤ የቀኙንና የግራውን የላይኛ ክፍል የሚለየውን ስስ ግድግዳ በስቶ ያልፋል፤ በጫፉ ያለው ፊኛም ክዳኑ መካከል ሲደርስ በፈሳሽ ተነፍቶ የተጣበቀውን ያላቅቃል።

ታዲያ ቀዶ ጥገና ለምን አልቀረም? በቱኒዚያ የሞናስቲር ሐኪሞች 90 ሕሙማንን በሦስት ወገን ከፍለው፣ 7 ዓመት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጡት ጥናት፣ ፊኛው ልብ ተከፍቶ ከሚደረገው ቀዶ ጥገና እንደማያንስ አሳይቷል። ነገር ግን ለጥናቱ የተመረጡት ክዳናቸው ገና ያልደረቀ ሕሙማን ነበሩ። ክዳኑ እንደ ኖራ የጠነከረ፣ ደም ወደ ኋላ በብዛት የሚያፈስ፣ ወይም በልቡ ውስጥ የረጋ ደም ያለበት ሰው ለፊኛ አይመችም። በእኛ አካባቢ ደግሞ ብዙው ሕመምተኛ ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ዘግይቶ ስለሆነ ምርጫው ቀድሞ ያመልጠዋል።

ዋናው ልዩነት ግን የሚታየው ሕመምተኛው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። በፊኛ የታከመ ሰው የራሱን ክዳን ይዞ ይኖራል፤ ከዓመታት በኋላ እንደገና ሊጠብበት ቢችልም፣ የልቡ ምት እስካልተዛባ ድረስ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት አያሻውም። ከካርቦን የተሠራ ክዳን የተገጠመለት ግን ዋርፋሪን የተባለውን እንክብል ዕድሜ ልኩን ይውጣል። መጠኑ ቢያንስ ክዳኑ ላይ ደም ይረጋል፤ ቢበዛ ደም ይፈስሳል፤ ስለዚህ ደሙን በየጊዜው ማስመርመር ግድ ይሆንበታል። እንክብሉ ጽንስን ስለሚጎዳ ለወጣት ሴት ነገሩ ይብሳል። ከእንስሳ አካል የሚሠራው ክዳን ይህን ሸክም ቢያቃልልም በወጣቶች ላይ ቶሎ ያረጃል።

እ.ኤ.አ. በ2023 በካርቱም ጦርነት ሲነሣ፣ እንዲህ ያለ ክዳን ያስገጠሙ ብዙ ሕሙማን በተኩስ መካከል ወደ ደም መመርመሪያው መድረስ ተሳናቸው፤ እንክብሉንም ማግኘት ተቸገሩ።