የሥዕል ትምህርትና የአዊ ተማሪ

«ሥዕል የጨዋታ ጊዜ ነው እንጂ ትምህርት አይደለም» የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። ይህን የሚሉት ያልተማሩ ወላጆች ብቻ ቢሆኑ ባልገረመን ነበር፤ ነገር ግን ከፍ ያለ ትምህርት ጨርሰው በመንግሥት ሥራ ላይ የተቀመጡ ወጣቶችም ሲደግሙት እንሰማለን። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ነገሩን እንዲያው በደፈናው ከመተቸት ይልቅ በአንድ አገር ላይ አድርገን ልንመረምረው አሰብን፤ አገሩም እንጅባራና ዳንግላ የሚገኙበት የአዊ ምድር ነው።

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የክወናና የዕይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት አላቸው። ሁለተኛ ደረጃ ሲገቡ ግን የሥዕሉ ነገር ወደ ጎን ይባላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሒሳብን፣ እንግሊዝኛን፣ ፊዚክስን ወይም ታሪክን ይጠይቃል እንጂ ሥዕልን አይጠይቅም። ፈተና የማይወጣበትን ትምህርት ደግሞ ተማሪውም መምህሩም ይንቁታል። እንግዲህ የልጁ እጅ መታዘዝ፣ ዓይኑም መለየት በሚጀምርበት ዕድሜ ትምህርቱ ይቋረጣል ማለት ነው።

የሚቀርበት ነገር ምንድን ነው? በአጭሩ መመልከት ነው። አዊ የፈረስ አገር መሆኑን የማያውቅ የለም፤ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን የሚያከብረው ጥር 23 ቀን ነው። የእንጅባራ ልጅ ፈረስ ሲጋልብ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አይቷል። ሆኖም «የሚጋልብ ፈረስ ሣል» ቢባል የፊት እግሮቹን ወደ ፊት፣ የኋላ እግሮቹን ወደ ኋላ ዘርግቶ ሊሥለው ይችላል። በዚህ አይፈር፤ የአውሮፓ ሠዓሊዎችም ለብዙ ዘመን እንዲሁ ይሥሉ ነበር። ኤድዋርድ ማይብሪጅ የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ በ1870 ዓ.ም. በካሊፎርንያ ካሜራዎችን በተርታ ደርድሮ የሚጋልብ ፈረስ ባነሣ ጊዜ ግን አራቱም ኮቴዎች ከመሬት የሚለቁት እግሮቹ ከሆዱ ሥር በተሰበሰቡበት ቅጽበት መሆኑ ታወቀ። በየቀኑ የሚያዩትን ነገር አለመመልከት እንደሚቻል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም። የሥዕል ትምህርት ይህን ጉድለት ያርማል።

«መሣሪያው ከየት ይመጣል?» ይባል ይሆናል። ይህ «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» እንደሚባለው ነው። የፋግታ ለኮማ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ በማሳቸው እየተከሉ፣ ከሰሉን በመኪና እያስጫኑ እስከ አዲስ አበባ ሲልኩ ኖረዋል። ከሰል ደግሞ የሥዕል ትምህርት ቤቶች ለጀማሪ ከሚሰጧቸው መሣሪያዎች አንዱ ነው። አሠራሩም ቀላል ነው፤ ቀጫጭን ጭራሮ ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ አጭቆ፣ ለጢሱ መውጫ ትንሽ ቀዳዳ ትቶ፣ ጣሳውን እሳት ውስጥ መክተት ነው። እንጨቱ በቂ አየር ስለማያገኝ አመድ ሳይሆን ይከስላል። ላጲስ ከመምጣቱ በፊት የአውሮፓ ሠዓሊዎች ለማጥፊያ ለስላሳውን የዳቦ ውስጥ ይጠቀሙ ነበር። ስለ ቅርፅና ስለ ሚዛን ለማስተማርም በእንጅባራ ቀርከሃ ሰንጥቀው ወንበርና ጠረጴዛ የሚሠሩት ባለሙያዎች ከማንም የተሻሉ ረዳቶች ናቸው።

ሌላው ተቃውሞ የማርክ ጉዳይ ነው፤ «ለአንዱ ያማረው ለሌላው አያምርም፤ ታዲያ እንዴት ይታረማል?» ይላሉ። በእንግሊዝ አገር ተማሪዎች በ16 ዓመታቸው ገደማ ከሚፈተኑባቸው ትምህርቶች አንዱ ሥዕል ነው። ከማርኩ 60 በመቶ የሚሰጠው ተማሪው በትምህርቱ ዘመን ላጠራቀማቸው ሥራዎች ሲሆን፣ 40 በመቶው በመምህር ፊት ለ10 ሰዓት ለሚሠራው ፈተና ነው። ስለዚህ ሊታረም አይችልም ማለት ሰበብ ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነን ግን የዕድል ነገር ነው። በ1950 ዓ.ም. በሠዓሊው በአለ ፈለገ ሰላም መሪነት የተቋቋመው፣ ዛሬም በስማቸው የሚጠራው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አመልካቾችን በእጅ ሥራ ይፈትናል። አባቱ ገንዘብ ከፍሎ ለብቻው ያስጠናው የከተማ ልጅና ከ8ኛ ክፍል ወዲህ አንድ የሥዕል ክፍለ ጊዜ ያላገኘው የዳንግላ ልጅ በዚያ ፈተና ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ተሰጥዖው እኩል ቢሆን እንኳ ውድድሩ እኩል አይደለም።

«ልጄ ሠዓሊ ሆኖ ምን ሊበላ ነው?» የሚል ወላጅም አለ። በ1925 ዓ.ም. በአንኮበር የተወለዱት አፈወርቅ ተክሌ ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። እርሳቸው ግን ሥዕልን መረጡ፤ በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለው 150 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው የመስተዋት ሥዕል የእርሳቸው ሥራ ነው። ይህን ስንል ተማሪ ሁሉ አፈወርቅን ይሁን ማለታችን አይደለም። በቅጠል ላይ ያየውን በሽታ ለገበሬ ሥሎ የሚያስረዳ የግብርና ሠራተኛ፣ የቤት ፕላን ተመልክቶ ስሕተቱን የሚለይ የማዘጋጃ ቤት ሹም፣ የሰውነትን ክፍል በትክክል የሚሥል የሕክምና ተማሪ፣ እነዚህ ሁሉ የሥዕል ትምህርት ያስፈልጋቸዋል።

እንግዲህ የትምህርት ቤት ዲሬክተሮች ብሔራዊው ፈተና እስኪለወጥ መጠበቅ ያለባቸው አይመስለንም። በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ጥቂት ወረቀትና አንድ ጣሳ ከሰል ለመጀመሪያው ይበቃል። በዞኑና በወረዳው የትምህርት ጽሕፈት ቤት የምትሠሩ ወጣቶችም ይህችን አንድ ሰዓት ብትፈቅዱ አገር የሚጎዳበት ነገር የለም። በሚመጣው ጥር 23 ቀን አንድ ተማሪ ደብተሩን ይዞ በሜዳው ዳር ቆሞ የፈረሶቹን እግር ቢከታተል፣ ትምህርቱ ተጀመረ ማለት ነው።