ባትሪው ነው ወይስ ሌላ?

በመካነ ብርሃንና በደባርቅ ደጋ፣ በማለዳ ቁልፍ ሲዞር «ጠቅ» ብሎ ዝም የሚልን መኪና ገፍቶ ማስነሣት የተለመደ ነው። ብዙ ባለንብረቶች ወዲያው አዲስ ባትሪ ይገዛሉ፤ ከሰነበተ በኋላ ያው መኪና እንደገና ይገፋል። እኛ ግን ከመግዛት መለካት ይቅደም እንላለን።

የመኪና ባትሪ ስድስት ክፍሎች አሉት። በእያንዳንዱ ክፍል እርሳስና የእርሳስ ዳይኦክሳይድ በሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ሆነው 2.1 ቮልት ገደማ ያመነጫሉ። ስለዚህ ሞልቶ ለጥቂት ሰዓታት ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት ያሳያል፤ 12 ከሆነ ሊያልቅ ተቃርቧል። ብርድ ደግሞ ኬሚካዊ ለውጡን ያዘገያል፣ የሞተሩንም ዘይት ያወፍራል። በመሆኑም ቆላ ላይ ያስነሣ የነበረ ደካማ ባትሪ ደጋ ላይ ይሸነፋል።

ሞተሩ እየሠራ 14 ቮልት ገደማ ካልተገኘ ዲናሞውን ወይም የላላ ቺንጋውን እንጠርጥር። ይህ ደህና ሆኖ ባትሪው ሌሊቱን ካለቀ፣ በስውር የሚጠጣው ነገር አለ። ቁልፉ ተዘግቶ ሳለ ኔጌቲቩን ገመድ ፈትተን የአምፔር መለኪያ በመካከል እናስገባለን (በዚህ ጊዜ ሞተር ለማስነሣት መሞከር መለኪያውን ያበላሻል!)። 0.05 አምፔር ያህል ጤናማ ነው። 0.5 ከሆነ ግን 60 አምፔር-ሰዓት የሚይዝን ባትሪ በአምስት ቀን ያራቁታል፤ ባዶውን የሰነበተ ባትሪም ሳህኖቹ በሰልፌት ስለሚደድሩ፣ አዲስ ቢሆንም ይበላሻል። ፊውዞቹን አንድ በአንድ ስንነቅል ቁጥሩ የወረደበት መስመር ሌባው ያለበት ነው። አንዳንዴ የተገኘው ሌባ ሳይጠፋ ያደረ የዕቃ መጫኛ አምፖል ብቻ ይሆናል።