ያውቁ ኖሯል? የንግድ ሕጋችን አርቃቂና የሂማላያ ተራሮች

የጎንደር ከተማና የሰሜን ደጋ ነጋዴ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ስድሳ ዓመት ያህል ሲተዳደርበት የኖረውን የንግድ ሕግ በመጀመሪያ ያረቀቁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ኤስካራ፣ በ1936 እ.ኤ.አ. ወደ ሂማላያ የዘመተውን የመጀመሪያውን የፈረንሳይ የተራራ ጓድ ካሰናዱት ሰዎች አንዱ እንደ ነበሩ ያውቁ ኖሯል? ጓዱ ሊወጣው ያሰበው ጋሸርብሩም ከ8,000 ሜትር ያልፋል፤ የእኛው ራስ ደጀን 4,500 ሜትር ያህል ነው።

በፓሪስ የንግድ ሕግ መምህር የነበሩት እኒህ ሊቅ፣ አስቀድመው ለቻይና መንግሥት የሕግ አማካሪ ሆነው አገልግለዋል። የኢትዮጵያን ረቂቅ ሳይፈጽሙ በ1955 እ.ኤ.አ. ስላረፉ፣ ሥራውን ተረክበው ከፍጻሜ ያደረሱት የአገራቸው ሰው ፕሮፌሰር አልፍሬድ ዦፍሬ ሲሆኑ፣ ሕጉም በ1952 ዓ.ም. ታወጀ።

በዚያ ሕግ መሠረት፣ የገዛ ማሳውን ገብስ በአህያ ጭኖ ደባርቅ ገበያ የሚያወርድ ገበሬ፣ ከነጋዴ ጎን ተቀምጦ ቢሸጥ እንኳ ነጋዴ አይባልም ነበር፤ ያንኑ ገብስ ገዝቶ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ላይ አትርፎ መሸጥን ሙያው ያደረገ ግን በእርግጥ ነጋዴ ነበር። ለባላገር ከዚህ የቀለለ ድንጋጌ በሕጉ ውስጥ መኖሩን እንጠራጠራለን።

በ2013 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 1243 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ የቀድሞውን አብዛኛውን ክፍል ቢሽርም፣ ስለ ማመላለሻና ስለ ኢንሹራንስ፣ ስለሚተላለፉ የገንዘብ ሰነዶችና ስለ ባንክ ሥራ የሚናገሩት መጻሕፍቱ ግን እንደ ጸኑ ቀርተዋል።