የአንድ ቤት ልጆችን በቤት ውስጥ ስናስተምር የትኛውን ክፍል መጽሐፍ እንምረጥ?

በዚህ ጽሑፍ ላነሳ የፈለግሁት ዕድሜያቸው የተለያየ ወንድምና እህቶችን በቤት ውስጥ ስናስተምር ለእያንዳንዱ የሚስማማውን የትምህርት ደረጃ እንዴት እንደምንመርጥ ነው። «ይሄ ደግሞ ምን ያስቸግራል? ልጁ 6ኛ ክፍል ከሆነ የ6ኛ ክፍል መጽሐፍ ነዋ!» የሚል አይጠፋም። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው።

መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ሦስት ታናናሾቼ እቤት ዋሉ። ታላቁ 12 ዓመቱ፣ 6ኛ ክፍል፤ እህቴ 10 ዓመቷ፣ 4ኛ ክፍል፤ የመጨረሻው 7 ዓመቱ፣ 1ኛ ክፍል ነበሩ። እኔ ራሴ ገና የ10ኛ ክፍል ተማሪ ብሆንም እናቴ «ታላቃቸው አይደለህ? በል አስተምራቸው» አለችኝ። እሺ ብዬ ጀመርኩ።

የሠራኋቸው ሁለት ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተቴ በመጽሐፉ ሽፋን ላይ ያለውን ቁጥር ማመኔ ነው። ለታላቁ የ6ኛ ክፍል ሒሳብ ገልጬ 3/4 + 1/6 ስንት ነው አልኩት። 4/10 ብሎ ጻፈ። የላይኛውን ከላይኛው፣ የታችኛውን ከታችኛው ደምሮ ማለት ነው። አስረዳሁት። «ገባህ?» ስለው «አዎ» ይላል፤ ሌላ ስሰጠው ያው ነው። አራት ቀን እንዲሁ ደከምን።

ሁለተኛው ስህተቴ የባሰ ነበር። «እንግዲህ ይሄ ልጅ 6ኛ ክፍል አይመጥንም፤ ለጊዜም ይቆጥብልኛል» ብዬ ከእህቱ ጋር የ4ኛ ክፍል ሒሳብ አስጀመርኩት። እሷ ቀድማው ጨረሰችና በቅንነት «እኔ ላሳይህ?» አለችው። መጽሐፉን ዘግቶ ተነሳ። «እኔ የሷ ተማሪ ነኝ እንዴ?» ብሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ደብተር አልነካም። እቤት ሁሉም «ሰነፍ» ይለው ጀመር። ሰነፍ ያደረግኩት ግን እኔ ነበርኩ።

ቀዳዳው የት ነበር?

አንድ ቀን ማታ እንደ ጨዋታ አድርጌ «4 በ6 ሲባዛ?» አልኩት። በጣቱ መቁጠር ጀመረ። ያኔ ነው ነገሩ የበራልኝ። 3/4ን እና 1/6ን ለመደመር 12 ለ4ም ለ6ም እንደሚካፈል ማየት ያስፈልጋል። የማባዛት ሰንጠረዡን በቃሉ የማያውቅ ልጅ 12ን ከየት ያምጣት? ስለዚህ የጎደለው የ4ኛ ክፍል ሒሳብ በሙሉ አልነበረም። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ ማባዛት። በቀን 15 ደቂቃ እሱን ብቻ ስንለማመድ ቆየንና በሦስተኛው ሳምንት ወደ 6ኛ ክፍል መጽሐፉ ተመለስን። 9/12 + 2/12 = 11/12 ብሎ ራሱ ሠራው።

ከዚህ የተማርኩት ዋና ነገር ይህ ነው፦ የልጅ ደረጃ ማለት የክፍል ቁጥር አይደለም፤ በየትምህርቱ የሚችለውና የማይችለው የሚለያዩበት ቦታ ነው። ቪጎትስኪን የተማርን ሁሉ ይህን እናውቀዋለን፤ ልጁ ብቻውን በሚሠራውና በሰው እርዳታ በሚሠራው መካከል ያለውን ቦታ ፈልጉ ይለናል። ችግሩ እቤት ስንገባ ረስተነው ሽፋኑን ማየታችን ነው።

ደረጃውን እንዴት እናውቃለን?

ሀ) ዝቅ ብሎ መጀመር። ከልጁ ክፍል ሁለት ደረጃ ዝቅ ካለ መጽሐፍ ጥቂት ጥያቄዎች መስጠትና ከዚያ ወደ ላይ መውጣት ይሻላል። ከላይ ጀምሮ ወደ ታች መውረድ ለልጁ ውድቀት ነው፤ ከታች ወደ ላይ ሲወጣ ግን እየቻለ ነው የሚሄደው።

ለ) ሲያነብ ስህተቱን መቁጠር። ኤመት ቤትስ የተባሉ አሜሪካዊ የንባብ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1946 ባወጡት መለኪያ መሠረት፣ ልጁ ከ100 ቃላት 5 ያህል ከተሳሳተ ጽሑፉ በአስተማሪ እርዳታ የሚማርበት ነው፤ ከ10 በላይ ከተሳሳተ ግን ከብዶታል። መለኪያው ለእንግሊዝኛ የወጣ ስለሆነ ለአማርኛ እንደ ግምት ብቻ እንያዘው።

ሐ) በቃል መያዝን ከማወቅ መለየት። ትንሹ ወንድሜ ከሀ እስከ ፐ እንደ ዘፈን ይወርደው ነበር። በጣቴ «መ»ን አሳይቼ «ይህቺ ማን ናት?» ስለው ግን ከሀ ጀምሮ ቆጥሮ ነው የሚደርስባት። የቄስ ትምህርት ቤት ይህን ቀድሞ ያውቀዋል። ልጁ ሀ ሁን ሲጨርስ አቡጊዳ የሚያስቆጥሩት ለዚህ ይጠቅማል፤ ተራው ስለሚዛባ በዜማ ብቻ ማምለጥ አይቻልም።

መ) በየትምህርቱ ለየብቻ መወሰን። እህቴ በንባብ የ5ኛ ክፍል መጽሐፍ ይቀላት ነበር፤ በሒሳብ ግን እዚያው 4ኛ ክፍል ናት። «ጎበዝ ናት» ብዬ በሁሉም ብገፋት ኖሮ እሷንም አጠፋት ነበር።

ሠ) የሚለያዩበትንና አብረው የሚማሩትን መለየት። ንባብና ሒሳብ እንደ መሰላል ናቸው፤ አንዱን ደረጃ ዘሎ ሌላው ላይ መቆም አይቻልም። ስለዚህ ለየብቻ ይሁኑ። ሳይንስ ግን አብሮ ይቻላል። ሦስቱም በእርጥብ ጥጥ ላይ ባቄላ አበቀሉ፤ ትንሹ ሣለው፣ እህቴ በየቀኑ ያየችውን ጻፈች፣ ታላቁ በማስመሪያ እየለካ ግራፍ ሠራ። ትምህርቱ አንድ ነው፣ ሥራው ሦስት።

የሌሎች ልምድ

በአሜሪካ ልጅን እቤት ማስተማር በ50ዎቹም ግዛቶች ሕጋዊ በመሆኑ ለዚሁ ተብሎ የሚሸጥ መጽሐፍ ብዙ ነው። ከእነዚህ አንዱ የሳክሰን ሒሳብ ነው። ሽፋኑ ላይ «5/4» የሚል አለ፤ ለመካከለኛ የ5ኛ ክፍል ወይም ፈጠን ላለ የ4ኛ ክፍል ተማሪ ማለት ነው። አሳታሚዎቹ ራሳቸው ቁጥሩ ብቻውን እንደማይበቃ ስለሚያውቁ የደረጃ መለያ ፈተና ያዘጋጃሉ። የአንዱ አሳታሚ 4ኛ ክፍል ከሌላው 4ኛ ክፍል ጋር እኩል ስለማይሆን ፈተናው የዚያው መጽሐፍ መሆን አለበት።

በሕንድ ደግሞ ፕራታም የተባለው ድርጅት ከ3ኛ እስከ 5ኛ ክፍል ያሉ ልጆችን ከቀኑ ለተወሰነ ሰዓት በክፍል ሳይሆን በሚችሉት ይመድባቸዋል፤ ፊደል የሚለይ፣ ቃል የሚያነብ፣ አንቀጽ የሚያነብ፣ ታሪክ የሚያነብ እየተባለ። ለእኛ ይህ ብዙም እንግዳ አይደለም። የኔታ ዘንድ አንዱ ሀ ሁ ይላል፣ አጠገቡ ያለው አቡጊዳ ይቆጥራል፣ ሌላው ዳዊት ይደግማል፤ ማንም በዕድሜው አይመደብም።

የልጁ ክብር

ደረጃውን በትክክል ብናውቅም አሰጣጡ ላይ ልንሳሳት እንችላለን። ታላቅ ልጅ በታናሹ ፊት ዝቅ ማለትን አይችለውም። እኔ በመጨረሻ ያደረግኩት መጽሐፎቹን ሁሉ በአንድ ዓይነት ካኪ ወረቀት መሸፈን ነው። የክፍል ቁጥር የሚባል ነገር ከቤታችን ጠፋ። የታላቁን ማባዛትም ሌሎቹ በሌሉበት፣ ማታ ማታ አደረግነው። ከዚያ ደግሞ ለትንሹ ፊደል እንዲያስቆጥርለት በቀን 10 ደቂቃ ሰጠሁት፤ ደስ አለው። ከዚያ በላይ ግን አልጨመርኩም። ታላቁን ረዳት መምህር አድርጎ የራሱን ትምህርት ማስረሳት ሌላ ስህተት ነውና።

ማጠቃለያ

ወንድሜ በ2013 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ 7ኛ ክፍል ገባ። ማባዛቱ ሳይሞላለት ገብቶ ቢሆን ኖሮ 7ኛ ክፍል ላይ «አይገባኝም» ብሎ ይቀር እንደነበር እርግጠኛ ነኝ። ስንቱ ልጅ እንደዚያ ቀርቶ ይሆን?

ነገ ለልምምድ ስንወጣ ብዙ ልጅ ያለበት ክፍል ይጠብቀናል። ሁሉም አንድ ዓይነት መጽሐፍ ይይዛሉ፤ ደረጃቸው ግን እንደ እኔ ታናናሾች የተለያየ ነው። ለሁሉም ለየብቻ መጽሐፍ መስጠት አንችልም። ነገር ግን አንድ ልጅ 4/10 ብሎ ሲጽፍ «ተሳስተሃል» ከማለታችን በፊት «4 በ6 ሲባዛ?» ብለን መጠየቅ እንችላለን። ይህ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይፈጅም።