ኑሮን ለማያውቁት ሰው ማሳየት፦ ከሚዛን ተፈሪና ከቴፒ የሚነሣ የቆየ ጥያቄ

በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በዙሪያቸው ባሉት የቡና ወረዳዎች ስልክ የያዘ ወጣት የሠራውንና የዋለበትን ለማያውቀው ሰው ማሳየት ከጀመረ ቆይቷል። አንዱ ቀይ ቡና ሲለቀም ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ይለቃል። ሌላዋ የጀመረችውን ጥልፍ እስክትጨርሰው ድረስ በየጊዜው ፎቶ እያነሣች ታሳያለች። በቤንችኛ የሚያዜም አለ፣ እንሰት ሲፋቅ የሚቀርጽ አለ፣ ቀፎ ረጅም ዛፍ ላይ ሲሰቀል አንስቶ በቴሌግራም ለጓደኞቹ የሚልክ አለ። አብዛኞቹ ሙያዬ ብለው የያዙት አይደሉም፤ ደስ ስላላቸው ነው የሚሠሩት። ወላጆችና ሽማግሌዎች ግን ይጠይቃሉ። የቤት ገበና ለምን አደባባይ ይወጣል? ጎረቤትን ሳያስፈቅዱ መቅረጽ ነውር አይደለም ወይ? ከዚህ ሁሉ የሚጠቀመውስ ማነው?

ጥያቄውን ስልክ ይዞት የመጣ የሚመስለው ካለ ወደ ኋላ መመለስ ይኖርበታል። ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን ሌሎች ያሳዩት አገር ነው። ዛሬ በምዕራብ ኦሞ ዞን ውስጥ የሚኖረው የሱሪ ሕዝብ በዓለም የታወቀው የውጭ ፎቶ አንሺዎች ባነሷቸው የገላ ቀለምና የከንፈር ሸክላ ምስሎች ነው። ጀርመናዊው ሃንስ ሲልቬስተር ያነሣቸው የሱሪና የሙርሲ ፎቶዎች በትልልቅ መጻሕፍት ታትመው ብዙ አገር ዞረዋል። ጎብኚም ለእያንዳንዱ ፎቶ ብር ይከፍላል። ክፍያው ፍትሕ ይመስላል፤ ነገር ግን ተነሺው ምስሉ የት እንደሚደርስና ከሥሩ ምን እንደሚጻፍበት የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ውሎ አድሮም ለበዓል ወይም ለዱላ ፍልሚያ ሳይሆን ለካሜራ ብሎ ማጌጥ መጣ።

የቡናውም ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከዚሁ አካባቢ የተወሰደ የቡና ዘር በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኮስታሪካ የምርምር ጣቢያዎች በኩል አልፎ ፓናማ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2004 በአንድ የፓናማ ውድድር ላይ አንደኛ ከወጣ በኋላ «ጌሻ» የሚለው ስም በዓለም ገበያ የውድ ቡና መጠሪያ ሆነ። ዘሩ የበቀለበት ደን አጠገብ የሚኖረው ገበሬ ይህን የሰማው ዘግይቶ ነው። በኋላ በአካባቢው የጌሻ ቪሌጅን እርሻ ያቋቋሙት ባልና ሚስት ራሳቸው የፊልም ሰዎች ነበሩ፤ ወደ ቡናው የገቡት ስለ ኢትዮጵያ ቡና ዶክመንተሪ ሲሠሩ ነው። የቡናን ዋጋ የሚያወጣው ጣዕሙ ብቻ አይደለም፤ ታሪኩን የሚናገረው ሰውም ዋጋውን ይወስናል። በእኔ እምነት የሚዛን ወጣት ስልኩን አውጥቶ ለቀማውን ሲቀርጽ እዚህ ክርክር ውስጥ መግባቱ ነው፤ ይህን አስቦ ባያደርገውም እንኳ።

ሙያተኛ ያልሆነ ሰው የሠራውን ለሕዝብ ማቅረቡም ለአገሩ አዲስ ነገር አይደለም። በደርግ ዘመን በየቀበሌው፣ በየአውራጃውና በየመንግሥት እርሻው የኪነት ቡድን ነበር፤ ቀን ሥራ ላይ የዋለው ማታ መድረክ ላይ ይወጣ ነበር። የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ዛሬም ድረስ ግጥም የሚሞክሩ ልጆችን ድምፅ ያሰማል። ሚዛን ላይ የተከፈተው የክልል ኤፍ ኤም ጣቢያም የአካባቢውን ቋንቋዎች ወደ አየር አምጥቷል። በእነዚህ ሁሉ መካከል ግን በረኛ ነበር። የኪነት ቡድኑ ግጥም ካድሬው ፊት ይቀርባል፣ የሚኒ ሚዲያው ጽሑፍ በመምህር ይታያል፣ የሬዲዮው በአዘጋጅ ይመረጣል። ስልኩ በረኛውን አነሣው። በረኛው ሲነሣ ሳንሱሩ ብቻ አልሄደም፤ «ይህን እንኳ አታውጣው፣ ሰው ይጎዳል» የሚል ታላቅም አብሮ ሄደ።

ነገሩ ለምን በጽሑፍ ሳይሆን በቪዲዮ እንደ ገነነ መረዳት የሚፈልግ ቋንቋዎቹን ይመልከት። የግዕዝ ፊደል የዩኒኮድ ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በኋላ አማርኛ ጸሐፊው ቀስ በቀስ በስልኩ መጻፍ ቻለ። ቤንችኛ፣ ሸክኖኖ፣ ካፊኖኖና ሌሎቹ ግን በጽሑፍ የቆዩበት ጊዜ አጭር ነው፤ በትምህርት ቤት የሚጻፉትም በላቲን ፊደል ነው። ቤንችኛ ደግሞ በድምፅ ከፍታና ዝቅታ ቃል ከቃል የሚለይ ቋንቋ ነው። አምስት ደረጃ ያለው ከፍታና ዝቅታ አለው፤ ከእነዚህም ሌላ ከታች ወደ ላይ የሚነሣ ስድስተኛ አለ። ይህን ያህል ደረጃ ያላቸው ቋንቋዎች በዓለም ላይ ጥቂት ናቸው። ከዚህም አልፎ በፉጨት የሚነገርበት መንገድ አለው፤ ወንዶች በከንፈራቸው ወይም እጃቸውን ገጥመው እያፏጩ ከሩቅ መልእክት ይለዋወጡበታል። ይህን የትኛው ፊደል ይይዘዋል? አንድ የተቀረጸ ደቂቃ ግን ይይዘዋል። አያቱ ሲያፏጩ የቀረጸ ልጅ ለጨዋታ ብሎ ቢሆንም የቋንቋ መምህራን የሚመኙትን ሥራ ሠርቷል።

ክርክሩ የሚጠነክረው ፈቃድ ላይ ነው። ሰፈሩ ቡና ጠጡ ተባብሎ ሲሰበሰብ ብዙ ነገር ይወራል፤ የልጅ ሕመም፣ የዕቁብ ጉዳይ፣ የተጣላ ባልና ሚስት። ከአቦል እስከ በረካ የተወራው እዚያው ይቀራል፤ የሰማው ሁሉ ሰዎቹን ያውቃቸዋልና። ስልክ ከረከቦቱ አጠገብ ሲቆም ይህ ይለወጣል። የሚፈላው ቡና ወይም ከቡና ቅጠል የሚፈላው ጨሞ ለዕይታ ሲቀረጽ ጥግ ላይ የተቀመጡት እናት፣ ግድግዳው ላይ ያለው ስንጥቅ፣ ያልለበሰው ሕፃንም አብረው ይወጣሉ።

ሕጉ በዚህ ጉዳይ ዝም ያለ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ወይም ሥዕል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በሕዝብ ቦታ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ተከታዩ አንቀጽ ልዩ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል፤ የባለ ሥልጣን ሰው ሥራ፣ የፍርድና የፖሊስ ጉዳይ፣ ለሳይንስ፣ ለባህልና ለትምህርት የሚጠቅም ነገር፣ እንዲሁም በአደባባይ የሚደረግ ሥነ ሥርዓት ፈቃድ አይጠየቅባቸውም። ሕጉ ሲረቀቅ ፎቶ አንሺ በየከተማው በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ነገር ግን ድንበሩ ለዛሬም ይሠራል። ገበያ ውስጥ ወይም በበዓል አደባባይ ማንሣት አንድ ነገር ነው። ማጀት ገብቶ፣ ወይም ቡና የምትለቅም የቀን ሠራተኛን ፊት አቅርቦ ማንሣት ሌላ ነው። እኔ የማየው ትልቁ ችግር ሕጉ አለመኖሩ ሳይሆን ተነሺው «ተወው» ለማለት የሚያስችል አቅም አለማግኘቱ ነው። ለቃሚዋ አሠሪዋን ወይም የአሠሪዋን ልጅ እንዴት እምቢ ትላለች? የተስማማች የሚመስለው ዝምታዋ ብዙ ጊዜ ፈቃድ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ይህን አስተሳሰብ ወደ ዲጂታሉ ዓለም አምጥቶታል፤ ለተራው የስልክ ባለቤት ግን ገና በሚገባ አልደረሰም።

ባለቤትነቱም እንደዚሁ ያከራክራል። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ወጥ የሆነ ሥራ ከተቀረጸ ወይም ከተጻፈ ጀምሮ የሠሪው ነው፤ ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም። የፎቶ መብት ፎቶው ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመት ይቆያል። ስለዚህ አንድ የቴፒ ልጅ ያነሣውን የደን ፎቶ ሆቴል ወይም ቡና ላኪ ወስዶ ማስታወቂያ ሲያደርገው መብት ተነክቷል። ሥራውን ግን ብዙ ጊዜ ስሙን ቆርጠው ይወስዱበታል፤ ክስ ለመመሥረት ደግሞ ጠበቃና ጊዜ ይጠይቃል። በማኅበር የሚዘፈነው የአዝመራ ዘፈንስ? የአንድ ሰው ስላልሆነ መጀመሪያ የቀረጸው ሰው ባለቤት መስሎ ይታያል። ይህ ስህተት በየቻናሉ እየተደጋገመ ነው፤ ከዘፈኑ ሥር የመንደሩን ስም መጻፍ ምንም የማያስወጣ ሆኖ ሳለ ብዙዎች አይጽፉትም።

ስጋት የሚያነሡ ሽማግሌዎች ሌላም ምክንያት አላቸው። አካባቢው ብዙ ሕዝቦች ተቀላቅለው የሚኖሩበት ነው፤ ነባሮቹ ሕዝቦች እንዳሉ ሆነው፣ የበበቃና የቴፒ የቡና እርሻዎች ከመላ አገሪቱ ሠራተኛ ሰብስበዋል። ይህ መቀላቀል ውበት ቢሆንም በክፉ ቀን ይቆስላል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በጉራ ፈርዳ ወረዳ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ የማን መሬት እንደሆነ ሳይባል የተለጠፈ የማሳ ቪዲዮ እንኳ በአስተያየት መስጫው ላይ የጥል ማገዶ ይሆናል። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከተሰራጨ ቅጣቱን ከፍ ያደርጋል። ለመዝናናት የጀመረ ልጅ ቁጥሩን በቀላሉ ሊያልፍ ይችላል፤ ያን ጊዜ በሕግ ዓይን ከጋዜጣና ከሬዲዮ ጎን መቆሙን ማወቅ አለበት።

ገንዘቡን በተመለከተ ብዙ የተጋነነ ነገር ይወራል። ትልልቆቹ መድረኮች ለኢትዮጵያ አካውንቶች በቀጥታ የሚከፍሉበት መንገድ ለረጅም ጊዜ ዝግ ሆኖ ኖሯል፤ የሚከፈላቸው ብዙዎቹ በውጭ አገር ዘመድ አካውንት የሚሠሩ ናቸው። መንግሥትም በ2017 ዓ.ም. ባሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ የዲጂታል ይዘት ሠሪዎችን ገቢ ግብር ውስጥ አስገብቷል። ለአብዛኛው የሚዛን ልጅ ግን ሚዛኑ የሚደፋው ወደ ወጪ ነው፤ ዳታ ይገዛል እንጂ አይከፈለውም። ስለዚህ ጥቅሙን በብር ብቻ የሚለካ ሰው «ጊዜ ማባከን» ቢለው አይፈረድበትም። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። በ2004 ዓ.ም. አካባቢ የዝንጅብል አጠውላጊ በሽታ ወደ አገሪቱ ገብቶ በቴፒና በሚዛን ዙሪያ ብዙ ማሳ ሲያጠፋ ገበሬው የታመመውን ቅጠል ለጎረቤት ወረዳ ሰው የሚያሳይበት ፈጣን መንገድ አልነበረውም። ዛሬ ያ ቅጠል በአንድ ደቂቃ ቴፒ ካለው የምርምር ማዕከል ይደርሳል። ይህ የሚሆነው ግን ሰዎች የዕለት ሥራቸውን እርስ በርስ ማሳየት አስቀድመው ከለመዱ ነው። ጥልፍ የምታሳየው ልጅም እንዲሁ ናት፤ ሥራዋን አይቶ «ይህን ክር እንዲህ ብትመልሺው» የሚላት ሰው የምታገኘው በሰፈሯ ላይሆን ይችላል።

በክርክሩ ውስጥ ብዙም የማይነሣው የማስቀመጥ ጉዳይ ነው። ይህ ሁሉ ሥራ የተቀመጠው በሰው መሬት ላይ ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ የአገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጧል። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ ተገድበው ለወራት የሚሠሩት በቪፒኤን ብቻ ነበር። ከዚህ ውጭ ስልክ ይሰረቃል፣ የይለፍ ቃል ይረሳል፣ አካውንት ይዘጋል። ልጁ የቀረጸው የአያቱ ፉጨት በዚያው ይጠፋል፤ አያቱም አንድ ቀን የሉም።

ለዚህ መፍትሔ የሚሆን ተቋም አካባቢው አለው። ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለቱም ከተሞች አለ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በየዞኑ የባህል መሥሪያ ቤት አለው። ቦንጋ ደግሞ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ተሠርቶላታል። ከእነዚህ አንዱ ሙያተኛ ላልሆነው ሰው በር ቢከፍት፣ ልጆች የቀረጹትን በፍላሽ አምጥተው የተቀረጸውን ሰው፣ የመንደሩንና የቋንቋውን ስም፣ የተነሺውንም ፈቃድ አስመዝግበው ቅጂ የሚያስቀምጡበት አንድ ክፍልና አንድ ሠራተኛ ቢመደብ ይበቃል። ፈቃድ የሚጠየቅበትን ቅጽም ተነሺው በሚሰማው ቋንቋ፣ በቤንችኛም ሆነ በሸክኖኖ፣ በቃል የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል፤ ማንበብ የማይችል ተነሺ በፊርማ ብቻ ተስማማ ሊባል አይገባምና።